የተማሪ አማካሪ እንዴት ይሠለጥናል?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን የተወሰንነው ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ወጥተን ነበር። ስንመለስ እንደ ደንቡ ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መርጃ መሣሪያና ስለ ክፍል አያያዝ ሪፖርታችንን ጽፈን አስረክበናል። በሪፖርቱ ፎርም ላይ ቦታ ያላገኘ አንድ ጉዳይ ግን ሁላችንም ይዘን ተመልሰን፣ ማታ ማታ በመኝታ ክፍል ስናነሣው ስንጥለው ከረምን። በመጨረሻ "ለምን በግድግዳ ጋዜጣችን አናወጣውም?" ተባባልን። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩ የአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አንጠቅስም። ልጁ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ዴስኩ ላይ ይተኛል። ልምምድ ላይ የነበረው ባልደረባችን በመጀመሪያው ቀን ዝም ብሎ አለፈው፤ በሁለተኛው ቀን ቀሰቀሰው፤ በሦስተኛው ቀን "ቁም!" አለው። ልጁ ቆሞም አንቀላፋ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁ ደብተሩን እንኳ ሳያነሣ ወጥቶ ሄደ፤ ሁለት ቀንም ቀረ። ባልደረባችን ደንግጦ ስም ጠሪውን መምህር፣ "ጋሼ፣ ይኸ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "ወንድሜ፣ እሱ ልጅ እኮ ከዚያ ወዲህ ሌሊት አይተኛም። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። የሚተኛው ቀን፣ እኛ ዘንድ ነው" አሉት።

"ከዚያ ወዲህ" ማለት ከ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ ማለት ነው። ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ ሠልጣኞች ጥቂት እናስታውስ። በዚያ ክረምት ጦርነቱ አዲአርቃይንና ዛሪማን አልፎ እስከ ደባርቅ አፋፍና እስከ ዳባት ዙሪያ ደረሰ። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ፤ ሴቶችም ተደፈሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በጭናና በቆቦ በትግራይ ኃይሎች ተፈጽመዋል ያላቸውን ግድያዎችና የመድፈር ወንጀሎች ዘርዝሯል። ከቆላው የተፈናቀለው ሕዝብም በደባርቅና በዳባት ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ ነበር። ልጆች ፊደል የቆጠሩበት ክፍል የመኝታ ቤት ሆኖ ሰነበተ ማለት ነው። በዚያው በዳባት ወረዳ በዓለምዋጭ ከትግራይ ካምፖች የወጡ የኤርትራ ስደተኞች ሰፈሩ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ገባ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደርገዋል። ገብስ ዘርቶ፣ በግ ጠብቆ ያደገ ልጅ ባንድ ጊዜ የከተማ ልጅ ሆነ። እንግዲህ የዚህ አካባቢ መምህር የሚረከበው ክፍል ይህን ሁሉ ያየ ክፍል ነው።

ባልደረባችን ቀጥሎ፣ "ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ክፍል የለውም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። "አለ" ተባለ። ክፍሉ በእርግጥ አለ፤ ኳስና ጠመኔ ይቀመጥበታል፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። አማካሪ ሆኖ የተመደበ ሰው ግን አልነበረም። ይህን የምንለው ትምህርት ቤቱን ለማማት አይደለም። ክፍል መስጠት ቀላል ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ማግኘት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ያ ሰው እንዴት ይሠለጥናል? በአገራችንስ ሥልጠናው የት ደርሷል? የጽሑፋችን ዋና ጥያቄ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። በአማርኛ "ምክር" ስንል ዐዋቂ የሚናገርበት፣ ልጅ የሚሰማበት ነገር ይመስለናል። "ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው" ይባል የለም? በዚህ አነጋገር መካሪው ሥራውን የሚጨርሰው ተናግሮ ነው። በሙያው ቋንቋ አማካሪ የሚባለው ሰው ግን ሥራው በአብዛኛው መስማት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ሮጀርስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አቋም አጠንክሮ ይዟል። ባለጉዳዩ መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ የሚረዳው ሳይፈረድበት መሰማቱ ነው የሚል ነው ባጭሩ። ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን "ታዲያ ለመስማት ሁለተኛ ዲግሪ ምን ያደርጋል?" ብለን ስቀን ነበር። እስቲ ማናችንም ብንሆን የሚያለቅስ ልጅ ፊት ተቀምጠን "አይዞህ፣ ተወው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም" ሳንል አምስት ደቂቃ እንቆይ። እኛ ሞክረነዋል። ሁለት ደቂቃ አልሞላንም።

የተማሪ አማካሪነት ሙያ የተጀመረው ሥራ ከማስመረጥ ነው። በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በ1908 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ወጣቶች ለጠባያቸው የሚስማማ ሥራ እንዲመርጡ የሚረዳ ቢሮ ከፈተ። ለረጅም ጊዜም አማካሪ ማለት ሥራና የትምህርት ዘርፍ አስመራጭ ማለት ሆኖ ቆየ። ነገሩን ያሰፋው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሳተላይት ነው። ሶቭየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ አሜሪካኖች "ጎበዝ ልጆቻችንን ሳናውቃቸው እየቀሩ ነው" ብለው ደነገጡ፤ በዓመቱም ባወጡት የትምህርት ሕግ ለትምህርት ቤት አማካሪዎች ሥልጠና ገንዘብ መደቡ። ዩኒቨርሲቲዎችም በብዛት ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሙያው ከሥራ ማስመረጥ አልፎ ወደ ሐዘን፣ ወደ ፍርሃት፣ ወደ ቤተሰብ ችግር የገባው።

ዛሬ በዚያ አገር ለአማካሪዎች ሥልጠና ዕውቅና የሚሰጠው አካል የሚጠይቀው በመጠኑም ቢሆን መታወቅ አለበት። የትምህርት ቤትም ሆነ የአእምሮ ጤና አማካሪ ቢያንስ 60 የክሬዲት ሰዓት የማስተርስ ትምህርት ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ 100 ሰዓት የመጀመሪያ ልምምድ አለው፤ 40ው ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት መሆን አለበት። ቀጥሎ 600 ሰዓት የሥራ ላይ ልምምድ ይመጣል፤ ከዚህም 240ው እንዲሁ ፊት ለፊት ነው። ከሁሉም በላይ እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ሠልጣኙ ልምምድ ላይ ሳለ በየሳምንቱ በአማካይ አንድ ሰዓት ከአንድ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ይቀመጣል። "ያ ልጅ እንዲህ አለኝ፣ እኔ እንዲህ መለስሁ፣ ከዚያ ዝም አለኝ" ይላል። ባለሙያውም "እዚህ ላይ ለምን ቸኮልህ?" ይለዋል። በእኛ የማስተማር ልምምድ መምህሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቼክሊስት እንደሚሞላው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚታረመው የጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም ሳይሆን የሰሚው ልብ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። እዚህ ሁለት ዓይነት ሥልጠና አለ፤ ሁለቱ ዘወትር ይምታታሉ።

አንደኛው በሥነ ልቡና ትምህርት ክፍሎች የሚሰጠው የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሰጡታል። ገብተው የሚማሩበት በአብዛኛው የሳይኮሎጂ ምሩቃን ናቸው። ከዚህ የወጣ ሰው መድኃኒት አያዝም፤ ሥራው መስማት፣ ችግሩን መለየት፣ ለብቻም ሆነ በቡድን ማማከር፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ማስተላለፍ ነው።

ሁለተኛው በጤናው በኩል ያለው ነው። ታሪኩ ረዘም ይላል። አማኑኤል ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን ተከፍቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና እዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ተጀመረ። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ2003 (በዚያው አቆጣጠር) ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ያን ጊዜ በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። ዐሥራ አንድ! ባንድ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ይበቃሉ። ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር) ጅማ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር በመተባበር ለጤና ባለሙያዎች በክሊኒካልና በማኅበረሰብ አእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ጀመሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ነርሱና ጤና መኮንኑ በሁለት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት በየአውራጃው ሆስፒታል በሽተኛ ማየትና ማከም ይችላል።

የጎንደር ሰው ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የተቋቋመው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግሥት፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን አንድ ቡድን ሆነው እንዲወጡ ያሠለጥን ነበር። ዳባትም ቢሆን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተልበት የጥናት ማዕከል አለው። ስለ አካል ጤና ይህን ያህል የተደከመበት አካባቢ የአእምሮውን ነገር ወደ ኋላ ማስቀረቱ ያስቆጫል።

ስለ ወደ ኋላ መቅረት ከተነሣ፣ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤትንም እናንሣ። አዲስ አበባ ላይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ተከፍቶ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት ጋር ተዘጋ። በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት! መምህር መምህርን ሳይተካ ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ የሚጎድለው የምሩቃን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ልምምድ ላይ ያለውን ሠልጣኝ በየሳምንቱ አስቀምጦ "ለምን ቸኮልህ?" የሚለው አንጋፋ ሰው ነው የሚጠፋው።

በእኛ አስተያየት የአማካሪነት ሥልጠናችን ትልቁ ጉድለትም እዚሁ ላይ ነው። ከምሩቃን ጋር ስንወያይ እንደተረዳነው፣ ከሁለቱ ዓመታት የሚበዛው ጊዜ ለኮርስና ለመመረቂያ ጥናት ይውላል። ጥናቱ መጠይቅ በትኖ፣ ሰብስቦ፣ ቁጥሩን በኮምፒውተር አስልቶ ማቅረብ ነው። ጥሩ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን አምስት ምዕራፍ ጽፎ የተመረቀ ሰው ከአንድ ከሚያለቅስ ልጅ ጋር ብቻውን የተቀመጠበት ሰዓት ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ጣቱን መቁጠር ይጀምራል። ተመርቆ ደባርቅ ሲመደብ ደግሞ ዙሪያውን ቢፈልግ የሚያወያየው የሙያ ጓደኛ የለም። የሰማውን ሁሉ ይዞ ማታ ቤቱ ይገባል። ሰሚም እኮ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ፤ ለእኛ ለአስተማሪዎች የሚቀርበን ይህ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በሽታውም ምልክቱም በእንግሊዝኛ ተጠንቶ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። የሰሜን ልጅ ግን "ዲፕረሽን" ይዞኛል ብሎ አይመጣም። "ሆዴ ተላወሰ" ይላል። "ልቤን ያፍነኛል"፣ "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "ሆድ ባሰኝ" ይላል። ወይም ምንም አይልም፤ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ይተወዋል። ሴት ልጅ ከሆነች ወገቧን እያመማት ቀረች ይባላል። መምህሩ ሆዱን ያመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይልከዋል፤ ጤና ጣቢያው የትል መድኃኒት ይሰጠዋል። የተሳሳተ ሰው የለም፤ ልጁ ግን አልተሰማም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። በአማርኛም ተተርጉሞ በአገራችን ጥናቶች ሲሠራበት ቆይቷል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። የሚጠይቀውም ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ማልቀስ፣ እንዲሁም ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ነው። ነገሩን ከአካል መጀመሩ የእኛን ሰው አነጋገር የሚያውቅ ያስመስለዋል። ሆኖም መጠይቁ ሰውዬው መጨነቁን እንጂ ምን እንዳስጨነቀው አይናገርም። ያን ለማወቅ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰሚ ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ባህላችን በዚህ በኩል ባዶ እጁን አይደለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡ። ሽማግሌዎች ተማክረው፣ ዘመድ ቀድሞ ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይሄዳሉ፤ ሰውዬው ብቻውን ሳለ አይነገረውም። ከዚያ ልቅሶው፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ አለ። ሐዘን መርሐ ግብር ተሠርቶለታል። ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። "አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል" ተብሎ ጎረቤት ቤት ይቆያል። በጅምላ በተቀበረበት ጊዜ ደግሞ ለዐዋቂውም ቢሆን ሥርዓቱ አልተሟላለትም። ሠልጣኝ አማካሪ ስለ ሐዘን ደረጃዎች የፈረንጅ መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት፣ ወይም አብሮ፣ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ ይጠቀማል እንላለን።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው። በዚህ ላይ መጣላት ልጁን ከሁለቱም ማስቀረት ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጀምሯል። በአእምሮ ሕመምም ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ማስኬድ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም፤ ሕመምተኛውን ማሰርና መግረፍ እስካልታከለበት ድረስ።

ምስጢር መጠበቅን በሚመለከት ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ የነፍስ አባት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ አንድ ነው። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ወይም እየተጎዳ ከሆነ አማካሪው ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ ይህንንም ለልጁ በመጀመሪያው ቀን ይነግረዋል። ስለዚህ "ለማንም አልናገርም" ብሎ ቃል መግባት ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት እኛም ሠርተነዋል። የልጁን ስም እዚህ ያላወጣነውም ሁለተኛ እንዳንሳሳት ነው፤ የግድግዳ ጋዜጣ ማንም ያነበዋል።

እስከዚያው፣ አማካሪው እስኪመጣ ድረስ፣ የሚመደበው መምህር ምን ያድርግ? አማካሪ ሁን የሚለው የለም፤ አትሁንም። የጠባይ ለውጥ ሲያይ (ጎበዙ ሲደክም፣ ተጫዋቹ ዝም ሲል፣ ጨዋው ሲደባደብ) በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻው ይጠይቀው። ልጁ "መሞት ይሻለኛል" ካለ መምህሩ እንዳልሰማ አይለፈው። ብዙዎቻችን ብንጠይቀው ሐሳቡን እናስገባበታለን ብለን እንፈራለን፤ በጥናት የታወቀው ግን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው። ጠይቆም ብቻውን አይተወው፤ ያን ዕለት ወላጅ፣ ርዕሰ መምህርና ጤና ጣቢያ ይወቁት። ጤና ጣቢያው ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉም ወደ ጎንደር ይልካል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን ይኸ ሰንሰለት ዳባት ላይ ይበጠሳል፤ ይህን ያየነው ነው።

ደግሞም ልጁን ወደ አማካሪ መላክ ቅጣት መምሰል የለበትም። "አንተ! ካውንስለር ቢሮ ሂድ!" የተባለ ልጅ ምን ይዞ ይገባል? አንዳንድ ቦታ አማካሪውን የቀሪ ተማሪ መዝገብ ያዥ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገውታል። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሊይዝ አይችልም። ጠዋት የመሰከረብህን ሰው ከሰዓት በኋላ ሆድህን አታሳየውም።

በአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር አንድ አማካሪ ከ250 ተማሪ በላይ እንዳይዝ ይመክራል። እዚያም ቢሆን ብዙ ቦታ አይሟላም። ለእኛ ይህ ቁጥር ሩቅ ነው፤ ለጊዜው የምንጠይቀው ወረዳው ሁሉ የሚጋራው አንድ ሁለት የሠለጠነ ሰው፣ በየወሩም ከጎንደር ወጥቶ የሚያወያየው አንጋፋ ነው። ከሠልጣኞች መካከልም ከጥቂት ዓመት ማስተማር በኋላ በዚህ ሙያ ለመቀጠል የሚያስቡ እንዳሉ እናውቃለን። መምህር ሆኖ ያለፈ አማካሪ ክፍሉን ያውቀዋል፤ ይህ ብልጫ ነው። ሆኖም ስታመለክቱ ደሞዙን ብቻ ሳይሆን የልምምዱን ሰዓት ጠይቁ፤ "ከባለጉዳይ ጋር ስንት ሰዓት እቀመጣለሁ? ማን ያየኛል?" በሉ።

ስለ ልጁ ለምትጠይቁ፦ በሦስተኛው ቀን ተመልሷል። ባልደረባችን ከክፍል ውጭ ይቅርታ ጠየቀው። ልጁም "ምንም አይደል ቲቸር" አለው። ከዚያ በኋላ ስም ጠሪው መምህር ቦታውን ቀየሩለት፤ አሁን በሩ በሚታይበት በኩል፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። እንቅልፉ አልተወውም፤ ግን ይመጣል።

እኛም ከተመለስን ወዲህ አንድ ደብተር ጀምረናል። ከጃን አሞራ፣ ከአዲአርቃይ፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ የመጣችሁ ሁሉ በየአገራችሁ ሰው ሲጨነቅ፣ ሲፈራ፣ ሲያዝን ምን እንደሚል፣ የትኛው አካሉ አመመኝ እንደሚል ጻፉበት። ከቃሉ ጎን ማን እንደሚለው፣ ሴት ወይም ወንድ፣ ልጅ ወይም ዐዋቂ መሆኑን ጨምሩ፤ የሰው ስም አትጻፉ። ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ነው። እስካሁን ሦስት ገጽ ተኩል ሞልቷል።